የእድሩ ድስት የሰጠመ ዕለት

የምኖረው ሐይቅ ዳር ነው ስል ሰው ወዲያው "ሐዋሳ? ቢሾፍቱ?" ይለኛል። ጉለሌ ነኝ፤ ከቁስቋም ወረድ ብሎ። "ጉለሌ ደግሞ ምን ሐይቅ አለ?" የሚል ካለ ልክ ነው፤ የለም። ያለው ድሮ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነው። ድንጋዩ አለቀ፣ ሠራተኞቹ ሄዱ፣ ጉድጓዱ ቀረ። ከእንጦጦ የሚወርድ ጎርፍ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ አይቶ የማለፍ ትዕግሥት የለውም፤ ገብቶ ተኛበት። ከዚያ ዙሪያውን ሰው ቤት ሠራ። ውሃ አለ፣ ዳር አለ፣ ዳሩ ላይ ሰው አለ፤ ሐይቅ ለመባል ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ይህ ነገር ከሁላችንም ቀድሞ የገባቸው ደላሎቻችን ናቸው። የሚከራይ ክፍል ሲያሳዩ "መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የሐይቁ ትንኝ ሁሉ ወደ መስኮቱ መሆኑን ግን ተከራዩ ራሱ እንዲደርስበት ይተዉለታል።

የላይኛው ዳር ሰዎች ውሃው ሞልቶ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል። የታችኛው ዳር ሰዎች ደግሞ ጎድሎ ሲያዩት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሁለቱን ወገን የሚያስታርቀው አንድ የሲሚንቶ ቱቦ ነው፤ በታች በኩል ባለው የአፈር ግድብ ሥር ተቀብሮ ትርፉን ውሃ ወደ ወንዙ ያወርዳል። የቱቦው አፍ ክፍት ከሆነ ሰላም ነን። ክረምት ሲገባ ግን ቄጠማው፣ ፊላውና ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው አንድ ተንሳፋፊ አረም ተባብረው ያፍኑታል።

ቄጠማ ካልኩ አይቀር፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰፈራችን ሰው ለእንቁጣጣሽ ወለሉ ላይ የሚጎዘጉዘውን ቄጠማ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ ይገዛና በታክሲ፣ ከሰው ጋር እየተጣላ፣ ታቅፎ ይመጣል። ደጁ ላይ ቆሞ የሚያወዛውዝለትን ግን ዞሮ አያየውም። "ለምን ከሐይቁ አታጭድም?" ብትሉት "ያ እኮ አረም ነው" ይላችኋል። ለካ ቄጠማ አረም የሚሆነው ሳይገዛ ሲቀር ነው።

ከሁሉም ቤት ዝቅ ብሎ፣ ግድቡ አጠገብ፣ የእማማ ጥሩዬ ቤት አለ። የጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ቤት ከላይ የሚመጣውን ውሃ አይፈራም፤ ቆርቆሮ አለው። የሚፈራው ከታች የሚመጣውን ነው። እግሩ አንዴ ከራሰ ግድግዳው መንገድ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ ይላል፤ ቁጭ ካለ ደግሞ አይነሣም። የእማማ ልጅ በየክረምቱ እየመጣች "ሳይወድቅብሽ ውጪና እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ግቢ" ትላቸዋለች።

"ከወደቀማ ምን አደርጋለሁ፣ እሄዳለሁ" ይላሉ እማማ። "ግን እዚያ ሰማይ ላይ ሆኜ በመስኮት 'አንቺ እከሊት!' ብዬ ብጣራ ማን አቤት ይለኛል?"

እኛ ሰፈር እማማ ጥሩዬ ሳይጣሩ የሚነጋ ቀን የለም። ቤታቸው ከወደቀ የሚሄደው ይህ ድምፅ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው የእኔ ጅልነት ነው።

እኔ ዲሽ ተካይ ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ ጣሪያ ላይ እየወጣሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየሠራሁ ነው የተማርኩት። ዲሽ በአንድ ጣት ቢዛነፍ ስዕል የለም። ስለዚህ ልክ የሚባል ነገር በሽታ ሆኖብኛል። እንግድነት ሄጄ ግድግዳው ላይ የተዛነፈ ፎቶ ካየሁ፣ ተነሥቼ ካላቃናሁት የጎረስኩት አይወርድልኝም።

ሁለተኛው በሽታዬ ዝምታ ነው። መንደራችን ውስጥ ከእድሩ በቀር ሰው የሚሰማው አካል ስለሌለ የሐይቁም ጉዳይ የእድሩ ነው። በሰኔው ስብሰባ ላይ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተካ "ውሃውንና አረሙን የሚከታተል አንድ ሰው እንምረጥ" አሉ። አንዱ ወገቡን እንደሚያመው ተናገረ። አንዱ ሥራ እንደሚበዛበት ተናገረ። አንዷ ውሃ ሲያዩ እንደሚያዞራቸው ተናገሩ። ሁሉም ሲናገር ዝም ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እሱ አልተቃወመም" አሉ ጋሽ ተካ በጣታቸው እያሳዩኝ።

ተጨበጨበ። ልቃወም አፌን ስከፍት "ሊያመሰግነን ነው" ተባለና እንደገና ተጨበጨበ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ሹመት ግን ይገባበታል።

ከተሾምኩ አይቀር በልክ ልሥራው አልኩ። ረዥም የባሕር ዛፍ እንጨት ልጬ በጣት በጣት ልክ ቀይና ነጭ ቀለም ቀባሁትና ግድቡ አጠገብ፣ ውሃው ውስጥ ተከልኩት። የእማማን ደጃፍ ከፍታ ደግሞ ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውሃ በሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ለክቼ እንጨቱ ላይ ጥቁር መስመር አሰመርኩ። ውሃው ጥቁሩን መስመር ከነካ እማማ ቤት ገባ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሆነ። ጋሽ ተካ ከላይኛው ዳር፣ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይጣራሉ፤ "ስንት ደረሰ?"

"ሁለት ጣት ጨምሯል!"

"ተመስገን!"

እማማ ጥሩዬ ከታችኛው ዳር ይጣራሉ፤ "ስንት ደረሰ ልጄ?"

"ሁለት ጣት ጨምሯል!"

"አቤቱ ማረን!"

ክረምቱን ሙሉ ያንኑ አንድ ዜና እየተናገርኩ ከአንዱ ዳር ምስጋና፣ ከሌላው ዳር ምህላ ስሰማ ከረምኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ አረሙ በረታ። ሥራ በሌለኝ ሰዓት ስልኬ ላይ ፈልጌ፣ ባሕር ማዶ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሰዎች እንዴት እንደሚያደርጉ አየሁ። እነሱም እንደኛ ማኅበር አላቸው። እንደኛ ስለ ውሃው ከፍታ ይጨቃጨቃሉ። የሚለዩን በአንድ ነገር ነው፤ አረም የሚያጭድ ጀልባ አላቸው። ሰውዬው ኮፍያውን ደፍቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሐይቁን ፀጉሩን እንደሚቆረጥ ሰው ይከረክመዋል። ደጋግሜ አየሁት። ባላየሁት ደግ ነበር።

ጳጉሜ ሲገባ በውሃውና በጥቁሩ መስመር መካከል የቀረው አንድ መዳፍ ያህል ብቻ ሆነ። የእማማን ደጃፍና ውሃውን አንድ ላይ ፎቶ አንሥቼ የእድሩ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩና "የፊታችን ቅዳሜ ሁላችንም ወጥተን የቱቦውን አፍ ካልከፈትን የእማማ ቤት ያሰጋል" ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ዘነበ። ሁሉም ለጸሎት የተጣመሩ ሁለት እጆች ላከ። አንዳንዱ አብዝቶ ላከ። "አይዞዎት እማማ"፣ "እግዚአብሔር ያውቃል"፣ "በርታ ወጣቱ"። ማጭድ ይዤ እመጣለሁ ያለ ግን አልነበረም።

ጋሽ ተካ ሰው ያውቃሉ። "ምሳ አለ በላቸው" አሉኝ። "እድሩ ምስር ያሠራል በል። ትልቁን ድስት አስወጣ።"

ትልቁ ድስት በእድራችን ዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑ ቀጥሎ የሚከበር ንብረት ነው። ጠባቂው እትዬ ብርቄ ናቸው። ቁልፉን በአንገታቸው ነው የሚያስሩት።

"ማን ሞተ?" አሉኝ ገና ስማቸውን ስጠራ።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ።"

"ማን ሊድር ነው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ድስቱ ምን ሊሆን ይወጣል?"

"ለሥራ የሚመጣው ሰው ምሳ እንዲበላ ነው።"

"ሳይሞት፣ ሳያገባ፣ እንዲሁ ሊበላ?"

ጋሽ ተካ ናቸው ያዘዙት ስላቸው በግድ ከፈቱ። ቅዳሜ ጠዋት ድስቱ ለሁለት ሰው ሸክም ሆኖ ሐይቁ ዳር ደረሰ። እትዬ ብርቄ ሆዱን እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና "ይህ ድስት የስንቱን ለቅሶ ችሏል መሰለህ፤ አደራህን" አሉኝ። ጠበቅን። ሰው የለም። ጥቂት ቆይተው "ለማን ብዬ ነው እሳት የማነደው? ሰው ሲመጣ ጥራኝ" ብለው ሄዱ፤ ዞር ብለው ደግሞ "አደራ!" አሉ።

ሐይቁ ዳር የቀረነው እኔና ደምሴ ነን። ደምሴ ጓደኛዬ ነው፤ ከታክሲው ማዞሪያ አጠገብ ጎሚስታ ቤት አለው። ጋሽ ተካም በረንዳቸው ላይ ሆነው በሐሳብ ተካፍለውናል።

ከዳር ያለውን አረም አጨድን። የቱቦው አፍ ግን ከዳር ራቅ ይላል፤ ውሃው እዚያ ደረት ይደርሳል፤ ፊላው ደግሞ እግር ይጠልፋል። ቆሜ አሰብኩ። ያ ባሕር ማዶ ያለ ሰውዬ ከነኮፍያው ታወሰኝ። ከዚያ ዓይኔ ድስቱ ላይ አረፈ።

"ደምሴ፣ የከባድ መኪና ከመነዳሪ አለህ?"

"አንድ አለ፤ ፓች አለው እንጂ። ምነው?"

ሜትሬን አወጣሁ። የድስቱን ሆድ ዙሪያ ለካሁ። ከመነዳሪው መጣ፤ ተነፋ፤ ለካሁት። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልክ ነበር! ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ አንድ ነገር ልኩ ከሆነ ትክክል የሆነ ይመስለኛል። ድስቱን ከመነዳሪው ውስጥ ስናስቀምጠው ለእሱ ተብሎ የተሠራ መስሎ ገጠመ። ክብደቴን አሰብኩ። ሚዛኑን አሰብኩ። ለመቅዘፊያ አካፋ፣ ለማጨጃ ማጭድ ያዝኩ። ያላሰብኩት ገመድ ማሰር ብቻ ነበር።

ድስት ውስጥ ሲቀመጡ ጉልበት ከጆሮ ጋር ይገናኛል። ደምሴ ገፋኝ። ተንሳፈፍኩ። መጀመሪያ የተማርኩት፣ ድስት ፊትና ኋላ እንደሌለው ነው። አንድ ጊዜ በአካፋው ስቀዝፍ ዞርኩና ደምሴን አየሁት። ደግሜ ስቀዝፍ ዞርኩና ጋሽ ተካን አየኋቸው።

"ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላሉ ጋሽ ተካ።

የትኛው ግራ? እየዞርኩ እኮ ነው።

እንዲህ ሰፈሩን ሁሉ በየተራ እየተሰናበትኩ ቱቦው አፍ ደረስኩ። እዚያ ግን፣ ራሴን ላመስግንና፣ ጥሩ ሠራሁ። ፊላውን ከሥሩ፣ ቄጠማውን በእቅፍ በእቅፍ እያጨድኩ አነሣሁ። ውሃው የቱቦውን መንገድ አገኘና መጉረፍ ጀመረ። እማማ ጥሩዬ ደጃፋቸው ላይ ሆነው እልል አሉ። እኔም በእልልታው ሞቅ ብሎኝ የመጨረሻውን እቅፍ ለማጨድ ማጭዱን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩ።

ፉስስስ አለ።

"ከፓቹ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ?" ብሎ ጮኸ ደምሴ። ልብ በሉ፤ የሚሰጥመው ወዳጁ ነው፣ የሚጠይቀው ስለ ፓቹ ነው።

"ማጭድ ነው!"

"ተመስገን!"

ድስቱ ዘመም አለ፣ አንዴ ጠጣ፣ ደገመ፣ ከዚያ ሁላችንም ወረድን። እኔ ፊላ ጨብጬ ቆምኩ። ድስቱ ግን ገና አሁን የከፈትኩት ቱቦ ጠለፈውና እየጎተተ ወሰደው፤ ከአፉ ላይ ለጠፈው፤ ድስቱም እንደ ቡሽ ወተፈው። ሥራዬን አበላሽቼ ቢሆን ኖሮ ድስቱ ባልተጠባ ነበር። አሁን ግን አረም እንኳ እንደዚያ አድርጎ ደፍኖት አያውቅም።

እኔና ደምሴ ገብተን ጎተትን። ውሃው ከላይ ይጫነዋል፣ ቱቦው ከውስጥ ይስበዋል፤ ንቅንቅ የለም። ይሄኔ እንጦጦ ላይ ጠቆረ፤ አጉረመረመ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ቀልቶ ወደ ሐይቁ ገባ። እንጨቴን አየሁ። ከጥቁሩ መስመር በታች የቀረው ሦስት ጣት ነው።

እማማ ጥሩዬ ልብሴ ሲንጠባጠብ አይተው "አይዞህ፣ ጳጉሜ ነው፣ ጠበል ነው" አሉኝ። አልጋቸውን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገዋል። ዱቄታቸውን ቁምሳጥኑ አናት ላይ አውጥተዋል። ግድግዳቸውን ግን የት ያውጡት?

"እማማ፣ ሰፈሩን ልጥራ። ቤትዎ ውሃ ሊገባበት ነው ብዬ ልጩህ።"

"በስልክህ ጮኸህ አልነበር? ምን አሉህ?"

"እጅ ላኩ።"

"እሱማ አየሁት። ባለቤቱ ነው የጠፋው" አሉና ሳቅ አሉ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "አትቀየማቸው ልጄ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። የጥሩዬ ቤት ሲባል እያንዳንዱ 'ሌላው ደርሶላት ይሆናል' ይላል። ድስቱ ግን የማን ነው?"

"የእድሩ።"

"የእድሩ ማለት?"

"የሁሉም።"

"እንግዲያው ድስቱ ሰጠመ ብለህ ጩህ። የየራሱ ንፍሮ የሚቀቀልበት ድስት ነው። የራሱን ማን ለሌላ ይተዋል?"

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ያሰብኩት ድስቱን በዝምታ አውጥቼ፣ አድርቄ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ለመቀመጥ ነበር። እትዬ ብርቄ ፊት ከምቆም ሐይቁን በጭልፋ ጨልፌ ብጨርሰው ይቀለኝ ነበር። ሰው ፊት መናገር የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ አሁን ደግሞ የምናገረው የራሴን ጉድ ነው። ወደ እንጨቱ አየሁ። ሁለት ጣት ቀርቷል።

ሮጥኩ።

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አባባ ሞገስ ደጃቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ጥሩምባ ይንፉልኝ!"

"ማን አረፈ?"

"ማንም። ድስት ሰጥሞ ነው።"

"ጥሩምባዬ ለሰው እንጂ ለዕቃ አይነፋም።"

"የእድሩ ድስት ነው፣ አባባ።"

"የትኛው?"

"ትልቁ።"

"ትልቁ!" ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለሟች እንኳ እንደዚያ ቶሎ ሲያወልቁ አይቼ አላውቅም። ጥሩምባቸውን አንሥተው እየነፉ ወጡ፤ "የእድር አባላት! ሐይቁ ዳር ድረሱ! ሰጥሟል! ሰጥሟል!"

ምን እንደ ሰጠመ ግን በጥድፊያው ረሱት።

በር ሁሉ ተከፈተ። ሰው ሁሉ "ማን ነው? ማን ነው?" እያለ ወደ ሐይቁ ጎረፈ። እናቴ ጠዋት ወደ ሐይቁ መሄዴን ታውቃለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ "ልጄን!" እያለች መጣች። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ፊቷ ቆምኩ።

"እማዬ፣ እኔ አይደለሁም። ድስቱ ነው።"

እግዚአብሔርን አመሰገነች። ነጠላዋን ልትመልስ ጀመረችና መሀል ላይ ቆመች። "የትኛው ድስት?"

"ትልቁ።"

ነጠላዋን እንደ ተዘቀዘቀ ተወችው።

እትዬ ብርቄ ደረሱ። ሰው ሁሉ መንገድ ከፈተላቸው። ፊታቸው ቆሜ በሕይወቴ ረዥሙን ንግግር አደረግኩ፤ "እኔ ነኝ። ውስጡ ተቀምጬ ነበር። ቱቦውን ደፍኖታል። ውሃው ደግሞ እማማ ቤት ሊገባ ነው።" አዩኝ። ውሃውን አዩ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አስተካክለው አስቀመጡት፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ገቡ።

እትዬ ብርቄ ከገቡ ማን ዳር ላይ ይቀራል? ወገቡን የሚያመው ገባ። ሥራ የሚበዛበት ገባ። ውሃ የሚያዞራቸው ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ገቡ። ጋሽ ተካ ከበረንዳቸው ወርደው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ክራቫታቸውን ግን ሳያወልቁ ገቡ። ድስቱ ጋ ለመድረስ አረሙ መነሣት አለበት። ማጭድ ያለው በማጭድ፣ ቢላ ያለው በቢላ፣ የሌለው በእጁ። እነዚያ ስልክ ላይ የነበሩ እጆች ሁሉ መጡ። ያጨዱትን ወደ ኋላ ለቀጣዩ ያቀብላሉ፤ ዳር ላይ ቄጠማው እንደ ገበያ ቀን ተቆለለ። ውሃው ውስጥ ሆነው ቀና ሲሉ ደግሞ፣ አንዱ ድንገት ጮኸ፦

"እንዴ! ውሃው እማማ ጥሩዬ ደጃፍ ደርሷል እኮ! ምነው አልተነገረንም?"

"እውነት ምነው?" አሉ ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዞረው።

ዝም አልኩ። ይህች ዝምታዬ ሹመት አላመጣችብኝም።

የድንኳኑ ገመድ መጣ። ጠልቄ በድስቱ ሁለት ጆሮዎች አሳልፌ አሰርኩት፤ አሁን እንኳ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳላረጋግጥ አልወጣሁም። አባባ ሞገስ ግድቡ ላይ ቆመው ጥሩምባ ነፉ። ሰፈሩ ሆ ብሎ ሳበ። ምንም። ሆ ብሎ ደገመ። ድስቱ ነቅነቅ አለ። በሦስተኛው "ቷ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ወደቀ፤ ድስቱ ጭቃ እያፈሰሰ ወጣ። ቱቦው እንደ ተጠማ በሬ ጓ፣ ጓ እያለ ይጠጣ ጀመር።

እንጨቴ ጋ ሄድኩ። ውሃው ጥቁሩን መስመር ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ቆሟል። ጠበቅኩ። ሁሉም እኔን ያያል።

"ስንት ደረሰ?" አሉ ጋሽ ተካ፣ ጎኔ ውሃ ውስጥ ቆመው።

"አንድ ጣት ጎድሏል።"

ከላይኛውም ከታችኛውም ዳር ሰው እኩል "ተመስገን!" አለ። ክረምቱን ሙሉ ለአንድ ዜና አንድ መልስ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

እትዬ ብርቄ ድስቱን ዞር ዞር ብለው መረመሩት። አንዱ ጎኑ ጎድጉዷል፤ ሥሩም ተጣሟል። እድሩ እዚያው፣ እንደራሰ፣ ቆሞ ተሰበሰበና ፈረደብኝ፦ ድስቱን በአመድ እስኪያበራ ፈትጌ እንዳስረክብ፤ የሐይቁም ኃላፊነት እንዳይነሣልኝ። ፍርዱ ሲሰማ እማማ ጥሩዬ አጨበጨቡ። ያን ቀን ማታ እያንዳንዱ ሰው የሐይቁን ቄጠማ በእቅፉ ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ የሰፈራችን ወለል ሁሉ በራሱ ሐይቅ አረንጓዴ ሆነ። ማንም አረም ነው አላለም። እትዬ ብርቄ እንኳ "ከሽሮ ሜዳው ይበልጥ ይሸታል" ብለዋል፤ በጎ ሽታ ማለታቸው መሆኑን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ዘንድሮ ጳጉሜ ሲገባ ቴሌግራም ላይ ምንም አልጻፍኩም። ቅዳሜ ጠዋት አባባ ሞገስ ጥሩምባቸውን ነፉና መንደሩን ዞሩ፦

"የእድር አባላት! ትልቁ ድስት ሰጥሟል! ድረሱ!"

ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ፣ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ እየሳቀ ወጣ። እናቴም ነጠላዋን በወጉ ለብሳ መጣች። የሰጠመው ድስት ግድቡ ላይ፣ ሦስት ድንጋይ ተጎልቶለት፣ ምስር ይንተከተክበታል። እትዬ ብርቄ ያማስላሉ። ከሆዱ ጎድጓዳነት የተነሣ ግን ዘመም ብሏል። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ምሳ ቀርቦልኝ የጎረስኩት አልወርድልህ አለኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ ከሥሩ ልሸጉጥ ጎንበስ ስል እማማ ጥሩዬ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ተጣሩ።

"አንተ! ምን ልታደርገው ነው?"

"ዘሟል እኮ፣ እማማ። ላቃናው ነው።"

"ወዴት ነው የዘመመው?"

ወደ ኋላ ሸሽቼ አየሁት። አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዲሽ እንደማስተካክል አድርጌ፣ አቅጣጫውን ለካሁ።

"ወደ እርስዎ ቤት።"

"እንግዲያው ተወው" አሉ።

ድንጋዩን ጣልኩና ምሳዬን በላሁ።